ስሙ ያው፣ ባለቤቱ ሌላ፦ ስለ ክራፍት ቢራና ስለ ግዙፎቹ ጠማቂዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ለብዙ ዓመታት የአንድ ክራፍት ቢራ ጠማቂ (ማለትም የአንድ አነስተኛና ነጻ ጠማቂ) ደንበኛ ነበርኩ። በቅርቡ ድርጅቱ በአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ መገዛቱን ሰማሁ። ጠርሙሱን አገላብጬ ብመለከተው ስሙም፣ ሥዕሉም፣ የተመሠረተበት ከተማም እንደነበሩ ተጽፈዋል፤ የገዢው ስም ግን የትም የለም። ጣዕሙም የተለወጠ አልመሰለኝም። ወዳጆቼ «ቢራው እስካልተበላሸ ድረስ ባለቤቱ ማንም ቢሆን አንተን ምን አገባህ?» ይሉኛል። እኔ ግን ቅር ብሎኛል። ቅሬታዬ መሠረት አለው ወይስ ተራ ስሜት ነው?

የዘወትር አንባቢ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ቅሬታዎ መሠረት አለው። የወዳጆችዎ ሐሳብም ቢሆን እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ ስለ ጣዕም ብቻ ከተነጋገርን ግዙፎቹ ጠማቂዎች ሙያውን ጠንቅቀው ያውቁታል። አንድን ላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላ) ቢራ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ ፋብሪካዎች ጠምቆ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጣዕም እንዲኖረው ማድረግ ከባድ ሥራ ሲሆን፣ የእርሾውን ጤንነት የሚከታተል ላቦራቶሪ፣ ውኃውን የሚያስተካክል መሣሪያና ልምድ ያካበተ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ብዙ ትንንሽ ጠማቂዎች ደግሞ ይህ ሁሉ አልተሟላላቸውም። ስለዚህ ቢራው በተሸጠ ማግስት ይበላሻል ብሎ መጠበቅ ትክክል አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ ቢራው ከመጥመቂያው ወጥቶ እርስዎ ብርጭቆ ውስጥ እስኪደርስ ድረስ የሚጓዝበት መንገድ በማን እጅ እንደሚገባ ነው።

የዚህ ታሪክ መነሻ ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የቺካጎው ጉስ አይላንድ ነው። ድርጅቱ በ1988 ተመሥርቶ በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ38.8 ሚሊዮን ዶላር የዓለም ትልቁ ጠማቂ ኩባንያ የአንሃይዘር-ቡሽ ኢንቤቭ ንብረት ሆነ። ከቢራዎቹ መካከል 312 የሚባል የስንዴ ቢራ አለ፤ ቁጥሩ የቺካጎ የስልክ መለያ ቁጥር ነው። ከሽያጩ በኋላ ግን ይህ የከተማዋን ቁጥር በደረቱ ለጥፎ የሚሸጥ ቢራ በኒው ዮርክ ግዛት ባልድዊንስቪል በሚገኘው የገዢው ትልቅ ፋብሪካ ይጠመቅ ጀመር። ጠጪው የሚከፍለው ለፈሳሹ ብቻ ሳይሆን በመለያው ላይ ለተጻፈው ቃልም ጭምር ስለሆነ፣ የእርስዎ ቅሬታ ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል። በተከታዮቹ ዓመታት ኤሊሲያን፣ የለንደኑ ካምደን ታውንና ዊክድ ዊድ የተባሉ ክራፍት ጠማቂዎች በዚሁ ኩባንያ እጅ ገቡ። ሄኒከን በ2015 ላጉኒታስ ከተባለው ጠማቂ ግማሹን፣ በ2017 ቀሪውን ገዛ፤ በዚያው በ2015 ኮንስተሌሽን ብራንድስ የተባለው የአልኮል ኩባንያ ለሳንዲያጎው ጠማቂ ባላስት ፖይንት 1 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። በአሜሪካ የአልኮል እገዳ በ1933 ከተነሣ ወዲህ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት ጠማቂውን፣ አከፋፋዩንና ቸርቻሪውን ለያይቶ ያስቀምጣል። የሥርዓቱ ዓላማ አንድ ኃይለኛ ጠማቂ መጠጥ ቤቶችን ሁሉ በእጁ እንዳያስገባ መከላከል ነበር። ይሁን እንጂ አከፋፋዩ በወረቀት ላይ ነጻ ቢሆንም፣ የመኪናው ጭነት አብዛኛው የአንድ ኩባንያ ምርት ከሆነ የዚያን ኩባንያ ፊት ማየቱ አይቀርም። በ2015 መጨረሻ ላይ አንሃይዘር-ቡሽ ኢንቤቭ ለአከፋፋዮቹ ያቀረበው የማበረታቻ ዕቅድ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከሚሸጡት ቢራ 98 በመቶው የኩባንያው ምርት የሆነላቸው አከፋፋዮች፣ ለዚያ ምርት ማስተዋወቂያ ካወጡት ወጪ እስከ 75 በመቶው ሊካካስላቸው ነበር። የትንንሾቹን ቢራ አትጫኑ የሚል ቃል በዕቅዱ ውስጥ መግባት አላስፈለገውም፤ ቀሪዋ 2 በመቶ ስንት ጠማቂ ልትይዝ እንደምትችል አከፋፋዩ ራሱ ያሰላዋል። ኩባንያው በ2016 ተፎካካሪው የነበረውን ግዙፍ ጠማቂ ሳብሚለርን ሲጠቀልል የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እንዲህ ባሉ ማበረታቻዎች ላይ ገደብ ጥሏል፤ ተገቢ እርምጃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት የድራፍት ቧንቧ ተደርድሯል እንበል። አንዱ የስንዴ ቢራ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ መራራ፣ አንዱ ከውጭ የገባ ነው፤ እጀታዎቹም በቀለምና በቅርጽ ይለያያሉ። ጠጪው ከአሥራ ሁለት ጠማቂዎች መካከል የመረጠ ይመስለዋል። ሰባቱ ወይም ስምንቱ በርሜሎች በአንድ መኪና መጥተው በአንድ ደረሰኝ የተከፈለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ገዢው ኩባንያ ብቅሉንም፣ ጠርሙሱንም፣ ትራንስፖርቱንም በጅምላ ስለሚያገኝ የገዛውን የክራፍት ቢራ ከነጻው ጠማቂ ባነሰ ዋጋ ማቅረብ ይችላል፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም በርሜሉን በርካሽ እያገኘ ለጠጪው በተለመደው የክራፍት ዋጋ ይሸጠዋል። የነጻው ጠማቂ ቧንቧ በዚህ ዓይነት ያለ ጠብ ያለ ጭቅጭቅ ይነቀላል።

በጥሬ ዕቃውም በኩል ጫናው ይሰማል። በ2017 በደቡብ አፍሪካ የሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ ተክል) ምርት ሲቀንስ፣ በዚያ የሆፕስ እርሻ ላይ ከፍተኛ ድርሻ ያለው አንሃይዘር-ቡሽ ኢንቤቭ ለአሜሪካ ነጻ ጠማቂዎች የሚተርፍ ሆፕስ እንደሌለ አስታወቀ። ኩባንያው ምክንያቱ የምርት እጥረት ብቻ እንደሆነ ገልጿል፤ ይህንን የምጠራጠርበት ማስረጃ የለኝም። ቢሆንም ቢራውን በዚያ ሆፕስ መዓዛ ላይ ለመሠረተ ሰው፣ ዕቃውን የሚሰጠውና የሚፎካከረው አንድ ድርጅት መሆኑ ብቻውን እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው። የመጠን ጉዳይ ሌላም መልክ አለው፦ ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ቦል የተባለው የጣሳ አምራች ቋሚ ውል ለሌላቸው ደንበኞቹ ዝቅተኛውን ትእዛዝ ለአንድ ዓይነት የታተመ ጣሳ ወደ አንድ ሚሊዮን አሳደገው። በአንድ ጊዜ ጥቂት ሺህ ጣሳ የሚሞላ ጠማቂ ይህን ያህል ጣሳ የት ያከማቻል?

ለእውነት ስል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የሸጠውን መሥራች ሁሉ ከሃዲ ማለት አግባብ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ጠምቆ ያረጀ፣ የሚተካው ልጅ የሌለው ወይም የባንክ ዕዳ የተጫነው ሰው መሸጡ የሚያስወቅሰው አይደለም። የትንንሾቹ ችግር ሁሉ ከግዙፎቹ የመጣ ነው ማለትም አይቻልም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ100 የማይበልጡት የአሜሪካ ጠማቂዎች ዛሬ ከ9,000 በላይ ሆነዋል፤ በድምሩ የሚሻሙት ገበያ ደግሞ ከአገሪቱ የቢራ ሽያጭ በመጠን 13 በመቶ ገደማ ነው። እርስ በርስ መጣበባቸው አይቀርም።

መገዛትም ዋስትና አልሆነም። ባላስት ፖይንት በአንድ ቢሊዮን ዶላር በተገዛ በአራት ዓመቱ ኪንግስ ኤንድ ኮንቪክትስ ለተባለ እጅግ ትንሽ ጠማቂ ተሸጠ፤ በ2023 አንሃይዘር-ቡሽ ኢንቤቭ ብሬከንሪጅንና ብሉ ፖይንትን ጨምሮ ስምንት ምርቶቹን ቲልሬይ ለተባለ ሌላ ኩባንያ አስተላለፈ። ከሁሉ በላይ ያዘንኩት በሳን ፍራንሲስኮው አንከር ነው። በ1896 የተመሠረተውን ይህን ጠማቂ ሊዘጋ ሲል በ1965 ፍሪትዝ ሜይታግ የተባለ ወጣት ታድጎት ነበር፤ ኋላ ለተነሡት የክራፍት ጠማቂዎች ሁሉ አርአያ የሆነው ያ ቤት ነው። የጃፓኑ ጠማቂ ሳፖሮ በ2017 ገዛው፣ በ2023 ደግሞ አንከር ሥራውን አቆመ። አንድ ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ የጠበቀው ሙያ በሩቅ ያለ ቦርድ ሒሳቡ አላዋጣኝም ባለ ጊዜ ይቋረጣል፤ የባለቤት ማንነት ያገባዎታል የምለውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የምገዛው ቢራ የነጻ ጠማቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በአሜሪካ ለሚጠመቅ ቢራ በ2017 ብሩወርስ አሶሲዬሽን የተባለው የጠማቂዎች ማኅበር የነጻነት ምልክት አውጥቷል፤ የተገለበጠ ጠርሙስ ሥዕል ነው። ምልክቱን ለመጠቀም ጠማቂው በዓመት ከ6 ሚሊዮን በርሜል ያልበለጠ ማምረት አለበት፤ የክራፍት ጠማቂ ያልሆነ የአልኮል ኩባንያም በውስጡ 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ድርሻ ሊኖረው አይፈቀድም። አንዱ የአሜሪካ በርሜል 117 ሊትር ያህል ስለሆነ 6 ሚሊዮን በርሜል በእኔ ሚዛን ትንሽ አይደለም፤ ጣሪያው ቀድሞ 2 ሚሊዮን ነበር። ዋናው መለኪያ የባለቤትነቱ ድርሻ ነው። ምልክቱን መለጠፍ ግዴታ ስላልሆነ በጠርሙሱ ላይ አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሲጠራጠሩ ጠማቂውን ራሱን ይጠይቁ። ቢቻልዎ ደግሞ እዚያው መጥመቂያው በከፈተው መጠጫ ሄደው ይጠጡ፤ በዚያ የሚከፍሉት ገንዘብ ለአከፋፋይም ሆነ ለቸርቻሪ ሳይቆረስ ጠማቂው እጅ ይገባል።