የአንባብያን ጥያቄዎች፦ ከትምህርት ፈቃድ እስከ ካናዳ ቋሚ ነዋሪነት

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። በካናዳ አንድ ኮሌጅ ለአንድ ዓመት የሰርተፍኬት ትምህርት ተቀብሎኛል። ክፍያው ከሁለት ዓመቱ ስለሚቀለኝ ይህንኑ ልጀምር አስቤያለሁ። በዚህ ቋሚ ነዋሪ መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ መንገዱ ዝግ ባይሆንም በጣም ጠባብ ነው። ክፍያውን ከመላክዎ በፊት ሒሳቡን ቁጭ ብለው ይሥሩት።

ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ ፒጂደብሊውፒ የሚባለው፣ ርዝመቱ የሚወሰነው በትምህርቱ ርዝመት ነው። ትምህርቱ ከ8 ወር ካነሰ ፈቃዱ አይሰጥም። ከ8 ወር በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት ካልሞላ የትምህርቱን ያህል፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ይሰጣል። ብዙ ተመራቂዎች ቋሚ ነዋሪነት የሚጠይቁት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ነው፤ ይህም አመልካቾችን በነጥብ አወዳድሮ የሚመርጥ ሥርዓት ነው። በውስጡ ያለው «የካናዳ የሥራ ልምድ» ዘርፍ ደግሞ 1,560 ሰዓት የሙያ ሥራ ይፈልጋል። ይህም በሳምንት 30 ሰዓት ሲታሰብ 52 ሳምንት ነው። በሳምንት 60 ሰዓት ቢሠሩ እንኳ ከ30 በላይ ያለው ስለማይቆጠር ዓመቱ አያጥርም። እንግዲህ የአንድ ዓመት ፈቃድ ይዘው ሥራ ፍለጋው ሁለት ወር ከበላብዎ፣ ልምዱ ሳይሞላ ፈቃዱ ያልቃል። ፒጂደብሊውፒ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ ሌላ ትምህርት ተምሮ እንደገና መጠየቅ አይቻልም።

የትምህርቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ወዲህ የትምህርት ፈቃድ የጠየቀ የኮሌጅ ሰርተፍኬት ወይም ዲፕሎማ ተማሪ፣ ፒጂደብሊውፒ ለማግኘት የተማረው መስክ መንግሥት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ዝርዝሩ ስለሚቀያየር ደላላ የነገረዎትን ሳይሆን ራሱን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን ገጽ ይመልከቱ። የባችለር፣ የማስተርስና የዶክትሬት ተመራቂዎች ይህ የመስክ ገደብ የለባቸውም። የመንግሥት ኮሌጅን ሥርዓተ ትምህርት ተውሰው የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆችም አሉ፤ እነሱ ዘንድ እ.ኤ.አ. ከሜይ 15 ቀን 2024 በኋላ የጀመረ ተማሪ ፈቃዱን አያገኝም። በዲፕሎማው ላይ የሚታየው የመንግሥት ኮሌጁ ስም ስለሆነ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜዎንም አይርሱ። የዕድሜ ነጥብ ሙሉ የሚሆነው ከ20 እስከ 29 ዓመት ነው። ከ30 ጀምሮ በየዓመቱ እየቀነሰ 45 ላይ ዜሮ ይሆናል። ይህን በቋንቋ ማካካስ ይቻላል፤ ፈረንሳይኛ የሚችሉ ከሆነ ተጨማሪ ነጥብ አለው።

የእኛ ምክር፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ካለዎት ማስተርስ ይፈልጉ፤ ከ8 ወር በላይ ከሆነ ሁለት ዓመት ባይሞላም እስከ 3 ዓመት ፈቃድ ያስገኛል። ከሌለዎት በመንግሥት ኮሌጅ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ የሁለት ዓመት ትምህርት ይምረጡ። አቅም የሚፈቅደው አንድ ዓመቱን ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡ እስኪሟላ መቆየት ይሻላል እንላለን።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ፈቃድ በምጽፈው ደብዳቤ ላይ ወደፊት እዚያ መኖር እንደምፈልግ ልደብቅ?

መልስ፦ አይዋሹ። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 22(2) ቋሚ ነዋሪ የመሆን ሐሳብ ያለው ሰው ለጊዜው እንዳይገባ አይከለክልም። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ማመን ያለበት ፈቃድዎ ሲያበቃ ሕጉን አክብረው እንደሚወጡ ነው። ስለዚህ የደብዳቤው ትልቁ ክፍል ስለ ትምህርቱ ይሁን፦ ከቀድሞ ትምህርትዎ ወይም ሥራዎ ጋር ምን ያገናኘዋል? ማን ይከፍላል? የሒሳብ አያያዙ ብዙ ጊዜ ውድቅ ያስደርጋል። ከማመልከቻው ሳምንት በፊት ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ፣ ምንጩን የሚያሳይ ሰነድ (የቤት ሽያጭ ውል፣ የስጦታ ደብዳቤ ከሰጪው የባንክ መግለጫ ጋር) ካልተያያዘለት የተበደሩት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ሳለሁ በሳምንት 24 ሰዓት ካፌ ሠርቻለሁ። አሁን በፒጂደብሊውፒ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነኝ። ፈቃዴ 5 ወር ቀርቶታል። ልምዴ ይቆጠራል?

መልስ፦ ሁለቱም አይቆጠሩም፤ ይህን መስማት እንደሚከብድ እናውቃለን። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆነው የሠሩት ሰዓት፣ ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ በ«የካናዳ የሥራ ልምድ» ዘርፍ አይገባም። የመጋዘኑ ሥራ ደግሞ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ባለ 5 አኃዝ ኮድ አለው። ሁለተኛው አኃዝ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ከሆነ ይቆጠራል፤ 4 ወይም 5 ከሆነ አይቆጠርም። ዕቃ ጫኝ 75101 ነው፤ ምግብ አብሳይ ግን 63200፣ የሱቅ ሱፐርቫይዘር 62010፣ የቢሮ አስተዳደር ረዳት 13110።

በ5 ወር ዓመት አይሞላም። አሁኑኑ የሚቆጠር ሥራ ውስጥ ይግቡና አሠሪው ለእርስዎ ሌላ የሥራ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ጥያቄ በራሱ በኩል እንዲጀምር ያነጋግሩት። ክፍለ ሀገሩ ለቋሚ ነዋሪነት የሚመርጣቸውን ሰዎች የሚያቀርብበትን የእጩነት ፕሮግራምም ይመልከቱ፤ እጩነት ብቻውን በኤክስፕረስ ኢንትሪ 600 ነጥብ ይጨምራል። አዲሱን ማመልከቻ የአሁኑ ፈቃድ ከማለቁ በፊት ካስገቡ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ በሕጋዊነት መቆየት ይችላሉ። በዚያ መካከል ግን ከአገር አይውጡ። ቀኑ ካለፈብዎ 90 ቀን ውስጥ እንዲመለስልዎ መጠየቅ ይቻላል፤ ፈቃዱ እስኪመለስ ግን መሥራት ክልክል ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲያጽፉ የሥራውን መጠሪያ ብቻ አያስቀምጡ፦ ዝርዝር ተግባር፣ የሳምንት ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የጀመሩበትና ያበቁበት ቀን ይኑሩበት። የሚመዘነው የሠሩት ነገር እንጂ «ማናጀር» የሚለው ስም አይደለም። ለእንግሊዝኛው ደግሞ ጄኔራል የሚባለውን አይልትስ ይፈተኑ፤ አካዳሚኩ ለዚህ አያገለግልም።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው በገንዘብ ኤልኤምአይኤ አወጣልሃለሁ አለኝ። ይታመናል?

መልስ፦ አይክፈሉ። ኤልኤምአይኤ አሠሪው የውጭ ሠራተኛ መቅጠር እንደሚያስፈልገው መንግሥት የሚያረጋግጥበት ሰነድ ነው። የሚጠይቀውም አሠሪው ነው፤ 1,000 የካናዳ ዶላሩንም የሚከፍለው እሱ ሲሆን ከሠራተኛው ማስመለስ ክልክል ነው። ሥራው የውሸት ሆኖ ከተገኘ በሐሰት መረጃ ተጠይቀው ለ5 ዓመት ወደ ካናዳ እንዳይገቡ ይታገዳሉ።