ቢሙን ሩብ ስታደርገው ብርሃኑም ሩብ ይሆናል

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አስታወሰኝ። 5 ጊጋኸርዝ የሚነዝር የሲሊከን ናኖቢም (ቀዳዳ የተደረደረበት፣ ብርሃንንና ንዝረትን አንድ ላይ የሚይዝ ቀጭን ዘንግ) በሲሙሌሽን ሠርተሃል። 20 ለማድረስ ቀዳዳውንም ስፋቱንም ውፍረቱንም ሩብ ላድርገው ወይ ነው ያልከው። ንዝረቱስ 20 ይገባልሃል። ችግሩ ብርሃኑም አብሮ መሄዱ ነው። አሁን በ1550 ናኖሜትር የሚሠራው ቢም ወደ 390 ይወርዳል። እዚያ ሲሊከን ብርሃኑን ይውጠዋል እንጂ አያሳልፈውም።

ደግሞስ 20 ለምን አስፈለገህ? ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ የምንፈልገው አንድም ለሙቀቱ ነው። የ5 ጊጋኸርዝ ንዝረት በክፍል ሙቀት ከ1200 በላይ ፎኖን (የንዝረት ኃይል ቅንጣት) ይይዛል። በ20 ሚሊኬልቪን ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አንድም የብርሃኑ መስመር፣ ማለትም ቢሙ ብርሃን የሚቀበልበት የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ ከንዝረቱ ፍሪኩዌንሲ እንዲጠብ ነው። ለዚህ በ5 ጊጋኸርዝ ኪው ፋክተርህ (ብርሃኑ ሳያመልጥ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚለካው ቁጥር) 40 ሺህን በደንብ ማለፍ አለበት። በወጉ የተሠራ የሲሊከን ቢም ይህን ያልፋል። ስለዚህ 5 ይበቃሃል ባይ ነኝ።

የግድ 20 ከሆነ ቢሙን ተወውና ወደ ጋሊየም አርሰናይድና አሉሚኒየም አርሰናይድ ንብርብር ሂድ። ይሄን ነገር ስለምወደው ትንሽ ልበል። በሁለቱ ቁሶች መካከል ያለው የብርሃን ፍጥነት ጥምርታና የድምፅ ፍጥነት ጥምርታ በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ ለብርሃን መስታወት እንዲሆን የደረደርከው ንብርብር ለድምፅም መስታወት ሆኖ ቁጭ ይላል። ከተፈጥሮ የመጣ ምርቃት በለው። የ870 ናኖሜትር ብርሃን ጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ሲገባ የሞገዱ ርዝመት ወደ 240 ያጥራል። ድምፅ እዚያ ውስጥ በሰከንድ 4.8 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል። ፍጥነቱን በ240 ናኖሜትር አካፍለው፤ 20 ጊጋኸርዝ ይመጣልሃል።

በሲሊከን ከቀጠልክ የኔን ስህተት አትድገም። የብርሃኑንና የንዝረቱን ትስስር ሳሰላ የቆጠርኩት የግድግዳዎቹን መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ቁሱ ሲጨመቅ ብርሃን የሚታጠፍበት መጠንም ይለወጣል፤ እሱን ዘለልኩት። ሁለቱ ደግሞ በምልክት ሊቃረኑ ይችላሉ። በኔ ዲዛይን ተጠፋፉና ሁለት ወር ሙሉ ሌዘሩን ስረግም ከረምኩ። የካልቴክ ቡድን በ2012 ያሳየው የ5.1 ጊጋኸርዝ ቢም ትስስሩ 1.1 ሜጋኸርዝ የደረሰው በዋናነት በዚህ በዘለልኩት ነገር ነው። የግድግዳውንና የጭመቃውን ድርሻ ለየብቻ አስላና ከነምልክታቸው ላክልኝ፣ አብረን እናያለን።

ኧረ ደግሞ፣ ከቢሙ ሥር ያለውን ኦክሳይድ በኤችኤፍ (ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ) ካጠብክ በኋላ ቺፑን በአየር አታድርቀው። የኔ የመጀመሪያ ቺፕ ላይ ውሃው ሲደርቅ ቢሞቹን ጎትቶ ከታች አጣብቋቸው ነበር። በማይክሮስኮፕ ሳየው ተንጠልጥሎ የቀረ አንድም የለም። ክሪቲካል ፖይንት ድራየር (ፈሳሹ ቢሞቹን ሳይጎትት የሚያደርቅ መሣሪያ) ካላችሁ ከአሁኑ ወረፋ ያዝ።