ፓኤያ ልማር ወይስ ጾሜን ልጹም?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስፔን፣ ቫሌንሲያ ያለችው እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ የአንድ ቀን የፓኤያ፣ ማለትም የስፔኖቹ የሩዝ ምግብ፣ ትምህርት ልትከፍልልኝ ነው። ግን የነቢያት ጾም ነው፣ ደግሞ ጥንቸል ይገባበታል አሉኝ! ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ያሉሽ እውነት ነው እህቴ፣ የቫሌንሲያው ነባር ፓኤያ ዶሮና ጥንቸል አለው። የአትክልትም ይሠራል። ስትመዘገቢ ግን በደንብ ንገሪያቸው፣ ምክንያቱም አትክልት ብለውሽ በዶሮ መረቅ ሊያበስሉት ይችላሉ፤ በውኃ ይሁንልኝ በያቸው። ጋስፓቾ ካለማ ተገላገልሽ፦ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳቦና የወይራ ዘይት ተፈጭቶ በቀዝቃዛው የሚጠጣ ነው፤ ጾም ነው።

የሚከብድሽ ሌላ ነው። እኛ ያለ ሽንኩርት ወጥ አንጀምርም፣ እነሱ ደግሞ በነባሩ ፓኤያ ሽንኩርት አያስገቡም። ሩዙ ከገባ በኋላ ማማሰል የለም! እጅሽን ያዢ። ሥሩ ይዞ ቡናማ ሲሆን ሶካራት ይሉታል፣ እኛ አረረ ብለን የምንፈቀፍቀውን እነሱ ይሻሙበታል። ፓኤያ የሚለው ስም ራሱ የመጥበሻው ነው፣ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ባለ ሁለት እጀታ። ሩዙም ድቡልቡሉ ነው፤ ባስማቲ መረቁን እንደዚያ አይመጥም።

ብዙዎቹ ትምህርቶች ከገበያ ይጀምራሉ። በ1928 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቫሌንሲያ ማዕከላዊ ገበያ፣ ሜርካዶ ሴንትራል፣ እሁድ ዝግ ስለሆነ ሌላ ቀን ምረጪ።