የዜብራፊሽ ሆክስ ክላስተር ለምን 8 ሳይሆን 7 ሆነ?

7 ትክክል ነው። (ሆክስ ክላስተር ማለት የአካልን ቅርፅ ከራስ እስከ ጅራት የሚወስኑ ሆክስ ጂኖች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ስብስብ ነው።) ስምንተኛው የጠፋው ከዳታህ ሳይሆን ከዓሣው ነው። «ሰው 4 የሆክስ ክላስተር ካለው፣ ጂኖሙ አንድ ጊዜ ተጨማሪ የተባዛው ዜብራፊሽ 8 ሊኖረው አይገባም ወይ?» ብለሃል። ከብዜቱ በኋላ 8 ነበሩ። ግን ሆክስ ዲቢ የሚባለው ክላስተር ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖቹን በሙሉ አጣ። ቦታው ላይ የቀረችው ሚር-10 የምትባል ማይክሮ አርኤንኤ (ፕሮቲን የማትሠራ አጭር አርኤንኤ) ናት። በፕሮቲን ብቻ ስለፈለግክ እሷን አታገኛትም።

እንዲህ አረጋግጥ፦

1. የሰውን ሆክስ ዲ ክላስተር (የዲቢን አቻ) ክሮሞዞም 2 ላይ ክፈትና ግራና ቀኙ ያሉትን ጎረቤት ጂኖች መዝግብ።
2. ዜብራፊሽ ላይ ሆክሶቹን ተዋቸውና እነዚያን ጎረቤቶች ፈልግ። ቤቱ ቢፈርስም ሰፈሩ ይታወቃል።
3. እዚያ አካባቢ ሚር-10ን በኒውክሊዮታይድ (በዲኤንኤ ፊደላት ቅደም ተከተል) ፈልግ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ብላስት (ተመሳሳይ ቅደም ተከተል የሚፈልገው ፕሮግራም) ላይ አንደኛ የወጣውን ጂን ዝም ብለህ አቻው ነው አትበል። ሆሜዮዶሜይን (የሆክስ ፕሮቲን ዲኤንኤ ላይ የሚያያዝበት ክፍል) 60 አሚኖ አሲድ ያህል ነው፤ በሁሉም ሆክስ ላይ በጣም ስለሚመሳሰል የሆክስ ኤውን ጂን ከሆክስ ቢው ያምታታብሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ፕሮቲኑን ይዘህ የዘር ሐረግ ዛፍ ሥራ፣ ከዚያ ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያየው።

ቀጥሎ የፍራፍሬ ዝንብ ልትጨምር ካሰብክ፣ 8ቱ ሆክስ ጂኖቿ ሁለት ቦታ ተከፍለው ታገኛቸዋለህ። ያ ብዜት አይደለም፤ አንዱ ክላስተር ተሰንጥቆ ነው። ቆጠራህ ላይ 1 ብለህ ያዘው።