ጂም ከገባሁ ወዲህ ስኳሬ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዱቄቱ ነው ወይስ ኪኒኔ?

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን እንዴት ነሽ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ 39 ዓመቴ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ 3 ዓመት አለፈኝ፣ ታይፕ 2 ነው ያሉኝ። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን 1000 እወስዳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም አለኝ። ሐኪሙ እንቅስቃሴ አድርግ ሲለኝ ከ2 ወር በፊት ጂም ገባሁ፣ ወላሂ በጣም ወድጄዋለሁ፣ እንቅልፌ ሁሉ ተስተካክሏል። ግን አሰልጣኙ ከስተሃል ጡንቻ ያስፈልግሃል ብሎ ማስ ጌይነር ሚባል የማወፈሪያ ዱቄት ትልቅ ጣሳና ከስፖርት በፊት ሚጠጣ ፕሪወርካውት አስገዛኝ። ማስ ጌይነሩን ጠጥቼ ስለካው 287 አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ምሳ ሳልበላ ፕሪወርካውቱን ብቻ ጠጥቼ ገብቼ መሃል ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ አሰልጣኙ የፕሪወርካውቱ ነው ያልፋል ሲለኝ ቁጭ ብዬ አሳለፍኩት። ሁለቱንም ልተዋቸው? ጂሙንስ? ለጡንቻ ጉልበት ሚወሰደውን ክሬቲን ሚባል ዱቄትም ልጀምር አስቤ ነበር፣ ለኩላሊት አይሆንም ይላሉ እውነት ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጂሙን እንዳትተወው። ክብደት ስታነሳ ጡንቻህ ስኳሩን ከደም ላይ ይስበዋል፣ ለዛ ደግሞ ኢንሱሊንን ብዙም አይጠብቅም፣ ታይፕ 2 ላይ ያስቸገረን ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት አልታዘዝ ማለቱ አይደል፣ ስለዚ ጡንቻ ላንተ ግማሽ መድኃኒት ነው። በሳምንት 2 ወይ 3 ቀን ክብደት፣ በሌላው ቀን ፈጠን ያለ እርምጃ በሳምንት 150 ደቂቃ ሚሞላ፣ ለስኳር ታማሚ ሚመከረው ይሄ ነው።

ደብዳቤህን ሳነብ ያስደነገጠኝ 287ቱ አይደለም፣ ያቺ እጅህ የተንቀጠቀጠባት ቀን ናት። ቁጭ ብዬ አሳለፍኩት ያልከውን ተመልሼ ሁለቴ አነበብኩት። ምን መሰለህ፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች ሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው፣ ግሊቤንክላማይድ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ቆሽትህን ኢንሱሊን አውጣ አውጣ እያለ ሚገፋ ነው፣ ምሳ በላህ አልበላህ፣ ጂም ገባህ ቤት ተኛህ አያውቅም፣ ጉልበቱም እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። አንተ ጠዋት እሱን ውጠህ፣ ምሳ ዘለህ፣ ላዩ ላይ ክብደት ስታነሳ ስኳርህን ሦስት ነገር በአንዴ ወደ ታች እየጎተተው ነበር።

ፕሪወርካውቱ ደግሞ ነገሩን ሸፈነብህ። አብዛኛው በአንድ ስኩፕ (ጣሳው ውስጥ ባለው መስፈሪያ) ከ150 እስከ 300 ሚሊግራም ካፌይን ይይዛል፣ ካፌይን ሲበዛ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፣ ያልባል። ስኳር ሲወርድስ? እሱም እጅ ያንቀጠቅጣል ልብ ያስመታል ያልባል። በስሜት ሁለቱን መለየት አይቻልም፣ አሰልጣኝህ አይችልም፣ እኔም ብሆን አልችልም፣ ሚለየው መለኪያው ብቻ ነው። ስለዚ መለኪያህ ቤት ሳይሆን የጂም ቦርሳህ ውስጥ ይሁን። ከ70 በታች ካሳየህ፣ ወይም መለኪያ በእጅህ ከሌለና ከተጠራጠርክ፣ ስፖርቱን አቁመህ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣ፣ ስኳር የሌለበትን ዜሮ ሚሉትን አይደለም ዋናውን ነው፣ ወይ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ጠጣ። 15 ደቂቃ ጠብቀህ ድጋሚ ለካ፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገመው። ሲስተካከል ዳቦም እንጀራም ብላበት፣ ምክንያቱም ግሊቤንክላማይዱ ገና አልጨረሰም፣ ተመልሶ ሊያወርደው ይችላል፣ ሌሊትም ጭምር። ራስህን ከሳትክ ማንም በአፍህ ምንም እንዳያደርግ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ይሄን አሰልጣኝህ ማወቅ አለበት፣ ስኳር እንዳለብህ ካልነገርከው ነገ ንገረው እባክህ።

ከመጀመርህ በፊትም ለካ። ከ90 በታች ከሆንክ አንድ ሙዝ ወይ ዳቦ ብላና ቆይተህ ግባ። ከ250 በላይ ሆኖ ደግሞ ሚያቅለሸልሽህ ወይ ድካም ድካም ሚልህ ከሆነ የዛን ቀን ክብደት ይቅር። ምሳ ዘሎ መግባት ግን እስከነአካቴው ይቅር። ጫት ምትቅም ከሆነም ይሄንኑ አስብ፣ ጫት ምግብ ያስረሳል፣ ኪኒኑ ግን አይረሳም። የረመዳን ጊዜ ሲመጣም ከማፍጠሪያ በፊት ክብደት እንዳታነሳ፣ የኪኒኑን መጠንና ሰዓትም ቀድመህ ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት። በራስህ ግን አታቁመው፣ አትቀንሰውም፣ ጂም ጀምሬያለሁ ወርዶብኝም ነበር በለው፣ ያኔ ወይ መጠኑን ይቀንስልሃል ወይ እንዲ ማያወርድ መድኃኒት ይቀይርልሃል።

አሁን ወደ ጣሳው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ስሰራ አንድ ወንድማችን እንዳንተው ያለ ትልቅ ጣሳ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ እህቴ ስኳር 20 ግራም ብቻ ነው ሚለው እኔ ግን ስለካ ሰማይ ነው ሚነካው መለኪያዬ ተበላሽቶ ይሆን አለኝ። ጣሳውን አዙረን አብረን አነበብነው። ስኳር ሚለው መስመር እውነትም 20 ነው። ከሱ ከፍ ብሎ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ሚለው ላይ ግን 250 ግራም። የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው ብለን ስናሰላው ከ60 ማንኪያ በላይ፣ በአንድ ብርጭቆ! ነገሩ ማልቶዴክስትሪን ሚባል ከበቆሎ ስታርች ምናምን ሚሰራ ዱቄት ነው፣ ብዙ ስለማይጣፍጥ ስኳር ተብሎ አይጻፍም፣ ሆድ ሲገባ ግን በፍጥነት ወደ ግሉኮስ ይቀየራል። ያንተም 287 የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። ማስ ጌይነሩን ተወው፣ ገንዘብህ ቢያሳዝንህም ተወው። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ጣሳ ስትገዛ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሚወሰደው ስንት ግራም እንደሆነ፣ ቀጥሎ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱን አንብብ፣ የፊት ለፊቱን ትልቅ ጽሑፍ እርሳው።

እና ደግሞ ከስተሃል መባልህን ዝም ብዬ አላልፈውም። ስኳር ሳይቆጣጠሩት ሲቀር ራሱ ያከሳል፣ ጡንቻ ያሟሟል። ውሃ ጥም ካለህ፣ ሌሊት ለሽንት ሚያስነሳህ ከሆነ፣ የ3 ወሩን የስኳር ምርመራ አሰራ፣ ምናልባት ሚያስፈልግህ ዱቄት ሳይሆን የመድኃኒት ማስተካከያ ይሆናል። ማንም ለመወፈር ብሎ ዴክሳሜታዞን ሚባለውን መድኃኒት ቢሰጥህ ደግሞ እንዳትነካው፣ ስኳርን ክፉኛ ይሰቅላል።

ፕሮቲን ከፈለግክ ከወተት ሚሰራው ተራው ዌይ ፕሮቲን ይሻልሃል፣ በአንድ ስኩፕ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ሆኖ ካርቦሃይድሬቱ ብዙ ጊዜ ከ5 ግራም አይበልጥም፣ እንደውም ከምግብ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲጠጣ ምግቡ ሚያመጣውን የስኳር መዝለል ያበርደዋል። በውሃ ነው ግን፣ ማርና ሙዝ ጨምረህ ከመታኸው ወደ ማስ ጌይነሩ ተመለስክ ማለት ነው። ለኔ ግን እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ያልጣፈጠ እርጎ እያለ ዱቄት የግድ አይደለም፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። በሶ ግን ገብስ ነው፣ እንደ ፕሮቲን አትቁጠረው።

ፕሪወርካውቱን አሁን ባለህበት አልመክርህም፣ ካፌይን ስኳርንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ግፊትንም። ፋት በርነር ሚባሉትን፣ ስብ ያቃጥላሉ ተብለው ሚሸጡትን፣ ጭራሽ አትቅረባቸው። ስኳር ያወርዳል ተብሎ ሚሸጥ በርበሪን፣ ክሮሚየም፣ አብሽም ቢሆን በብዛት ሚጠጣ ከሆነ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ተደርቦ ሊያወርድህ ስለሚችል ለሐኪምህ ሳትነግር አትጀምር።

ክሬቲን ላይ ልጨርስ። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ኩላሊት እንደማይጎዳ በደንብ ተጠንቷል። ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ስኳር በራሱ ኩላሊትን ቀስ እያለ ሚነካ በሽታ ነው፣ ክሬቲን ደግሞ ሰውነት ውስጥ ወደ ክሬያቲኒን ይቀየራል፣ ሐኪም ኩላሊትህን ሚለካው ደግሞ በዚሁ በክሬያቲኒን ነው። ስለዚ ኩላሊትህ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ታሟል ሊል ይችላል፣ የባሰው ደግሞ በእውነት ሲታመም የክሬቲኑ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ከመጀመርህ በፊት የደም ክሬያቲኒንና የሽንት አልቡሚን (ሽንት ውስጥ ሚወጣ ፕሮቲን) ምርመራ አሰራ፣ ይሄ ክሬቲን ባትወስድም በዓመት አንዴ ሚገባህ ምርመራ ነው። ውጤቱ ትንሽም ቢሆን ከጤነኛው ልክ ከወጣ ክሬቲንም ተጨማሪ ፕሮቲንም ይቅር። ንጹህ ከሆነና ሐኪምህ ከፈቀደ ጀምር፣ በኋላ ስትመረመር ግን ክሬቲን እየወሰድኩ ነው ብለህ ንገራቸው። የጣሳዎቹን ጀርባ በስልክህ ፎቶ አንስተህ ለቀጠሮህ ያዝ፣ ከጂም በፊትና በኋላ የለካኸውንም የ2 ሳምንት ጻፍ። ሐኪሙ ምን እንዳለህ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።