አንዷ ክኒን እማዬን ጣለቻት፣ እኔን ምንም አላለችኝም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከጎንደር አዘዞ ነው የምጽፈው። እማዬ ጥርሷን ተነቅላ ወንድሜ ከውጭ ይዞት የመጣውን ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ አንድ ፍሬ ዋጠች። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ እዚያው መደቡ ላይ እንቅልፍ ጣላት፤ ስትነቃም አስመለሳት። እኔ ያንኑ ወስጄ ምንም አልሆንኩም። ወንድሜ «የጂኖም ምርመራ እናሠራላት» ይላል። አራስ እህቴም ለወገቧ ከዚሁ ልትወስድ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከእህትዎ ልጀምር፤ እንዳትወስድ። ሌላው ይደርሳል።

ኮዴይን ብቻውን ብዙም ሕመም አያስታግስም። ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ፕሮቲን (ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል) ከፊሉን ሞርፊን ወደሚባል ብርቱና እንቅልፍ የሚጥል ማስታገሻ ይቀይረዋል። ኮዴይኑን እህል፣ ፕሮቲኑን ወፍጮ ይበሉት። ወፍጮው የሚሠራው ጂናችን (ከወላጅ የምንወርሰው መመሪያ) ላይ በተጻፈው መሠረት ነው። ብዙ ሰው የዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ሦስትና ከዚያ በላይ ይዞ የሚወለድም አለ። ወፍጮ ሲበዛ እህሉ ወረፋ አይጠብቅም፤ ሞርፊኑ ባንዴ ይበዛል። ወፍጮው የተሰበረበት ሰው ደግሞ ቢውጠውም ሕመሙ አይለቀውም።

ነገሩ እኛን በተለይ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ላይ ትርፍ ቅጂ ተገኝቷል። ስዊድን ውስጥ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። እናትዎ ከነዚህ ይሁኑ አይሁኑ በደብዳቤ መናገር አልችልም፤ ቢሆኑ ግን አይገርመኝም።

ሞርፊኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንም፣ በዚሁ ወፍጮ የሚያልፍ ሌላ ማስታገሻ የሆነውን ትራማዶልንም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ለእህትዎ ፓራሲታሞል በልኩ ይሞከር፤ ካልተሻላት ትታይ።

የጂኖሙን ነገር ለጊዜው ተዉት። ጂኖም ማለት የሰው የዘር መመሪያ በሙሉ ነው፤ 3 ቢሊዮን ፊደል የሚነበበው ለአንድ ጂን ነው? እሱም ቢሆን አጠገቡ የሚመስለው፣ ግን የማይሠራ ጂን ስላለ ቅጂውን መቁጠር ያስቸግራል። ደግሞ ጂኑ ደህና ሆኖ ፕሮቲኑ ሊታገድ ይችላል፤ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን እንዲህ ያደርጋል።

ይልቅ የእናትዎ ካርድ ላይ «ኮዴይን አይስማማትም» ተብሎ ይጻፍ። ትራማዶል ሊታዘዝላቸው ሲልም ቀድመው ይንገሩ። እንዲህ ያለ መድኃኒት የወሰደ ሰው ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ፣ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ነው።

የተረፉትን ክኒኖች ፋርማሲ ወስደው ያስረክቡ። ለጎረቤት እንዳያካፍሉ፤ እኛ ሰፈር መድኃኒት እንደ ቡና ቁርስ ሲዞር አይቻለሁ።