«ባሌ ‹ወይ እሱ ወይ እኔ› አለኝ፤ ወንድሜ ግን የእናቴ አደራ ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። 32 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። አባታችን ድሮ ነው የሞተው። እናታችን ካረፈች ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ታናሽ ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው፤ እኔ ጋር ነው የሚኖረው። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ተመርጦ የተጫወተ፣ ትንሽ ደሞዝም የጀመረ ልጅ ነበር። ባለፈው ውድድር ላይ አንድ የተቃራኒ ቡድን ልጅ እናቱን ጠርቶ ሰደበው። ወንድሜ በቡጢ መታው። ሊገላግል የገባውን ዳኛ ደግሞ ገፍትሮ ጣለው። ሰው በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። አንድ ዓመት ታገደ። ከዚያ ወዲህ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፤ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ይውላል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ «ሥራ ፈልግ» ቢለው የመኝታ ቤቱን በር በእርግጫ ሰበረው። ባሌ «ወይ እሱ ወይ እኔ» አለኝ። አጋሮ ያለው አጎታችን «ስማችንን አጠፋ፤ ወደ እኔ ላኪውና ቡና ይልቀም» ይላል። እሱን ስንመክረው የአንድ አሜሪካዊ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስም ይጠራል፤ መልሱ አንድ ነው፦ «ሮን አርቴስትም ታግዶ ነበር፤ በኋላ ዋንጫ በልቷል፤ ተዉኝ።» እናቴ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዳኛውም ከእገዳውም በፊት ስለ በሩ እናውራ። ቤትሽ ውስጥ ትንሽ ልጅ አለች። ንዴቱ በር መስበር ከደረሰ፣ ነገ ሰው ላይ ላለመድረሱ ማንም ዋስ ሊሆንሽ አይችልም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ድምፁ ከፍ ሲል በር ላይ አትቁሚበት። ተከትለሽው ክፍሉ አትግቢ። ልጅሽን ይዘሽ ጎረቤት ሂጂ፤ ሲበርድለት ትመለሻለሽ። አንቺ ላይ ወይም ባለቤትሽ ላይ እጁን ካነሳ ፖሊስ ትጠሪያለሽ። ይህንንም ሰላም በሆነበት ሰዓት፣ ቀድመሽ፣ ዓይኑን እያየሽ ንገሪው። በዚህ አደራ በላች የሚልሽ ካለ አትስሚው። እናትሽ አደራ ያለችሽ እንድታግዢው ነው፤ ዱላውን እንድትቀምሺ አላለችም።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር እኔን ይዞኛል። ልጁ የተሰደበው እናቱን ነው። ይህ ስድብ ሰፈር ውስጥ በየቀኑ ይሰማል፤ እናቱ ያለችለት ልጅ ሰምቶ ሊያልፈው ይችላል። የእሱ እናት ግን አፈሯ ገና አልደረቀም። እስኪ አስታውሺ፤ ለቅሶው ላይ ወንድምሽ ምን ሲሠራ ነበር? በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ሲያመላልስ፣ ውሃ ሲያቀርብ፣ እንግዳ ሲሸኝ ነው የሚውለው። የመጣው ሁሉ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ፣ በርታ፣ አንተ እኮ ወንድ ነህ» ይለዋል። ድንኳኑ ሲፈርስ ሴቶቹ አልቅሰው ትንሽ ቀሏቸዋል። እሱ አላለቀሰም ብዬ ብገምት ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ያልወጣ ሐዘን የትም አይሄድም። ወጣት ወንዶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መልኩን ቀይሮ ነው የሚመጣው፦ በትንሹ መቆጣት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ለምንም ነገር ጉጉት ማጣት። የነገርሽኝ ሁሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ይህን ያልኩት ቡጢውን ልክ ላደርግለት አይደለም። ዳኛው እናቱን አልሰደበም። ሊገላግል ገብቶ የተጣለ ሰው ነው፤ እሱም ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ቤተሰብ አለው። እገዳው ይገባዋል። ወንድምሽ ሁለቱንም ከአንቺ መስማት አለበት፦ «ያደረግከው ጥፋት ነው» እና «አንተ ወንድሜ ነህ»። እስካሁን አንዱን ከባልሽና ከአጎትሽ፣ ሌላውን ከአንቺ ብቻ እየሰማ ይመስለኛል። ከአንድ አፍ ሲወጣ ነው ሚዛን የሚደፋው።

አርቴስትን በመጥቀሱ ደግሞ ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው። የሚያከብረውን ሰው ስም ሰጥቶሻል፤ በዚያ በኩል ልታወሪው ትችያለሽ። ችግሩ የታሪኩን መጀመሪያና መጨረሻ ይዞ መሐሉን ጥሎታል። መሐሉን አብራችሁ እዩት።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2004 ነው። የአርቴስት ቡድን ኢንዲያና ፔሰርስ በዲትሮይት ፒስተንስ ሜዳ እየተጫወተ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ አልቀረውም፤ ኢንዲያና በ15 ነጥብ ይመራል። ማለትም ጨዋታው አልቋል። አርቴስት የዲትሮይቱ ቤን ዋላስ ላይ ፋውል ሠራ፤ ዋላስ ገፈተረው፤ ግርግር ሆነ። አርቴስት ያኔ አልተማታም። ከሜዳው ዳር ያለው የመዝጋቢዎች ጠረጴዛ ላይ ሄዶ በጀርባው ተጋደመ። ከተመልካች መሐል አንዱ መጠጥ ያለበት ኩባያ ወረወረበት። ኩባያው መታው። ተነሳ፣ መቀመጫዎቹን እየረገጠ ወጣ፣ አንድ ሰው ጨምድዶ ያዘ። ያ ሰው ኩባያውን የወረወረው አልነበረም።

ወንድምሽ ይህችን ቦታ ቀስ ብሎ እንዲያያት እፈልጋለሁ። አንዱ ሰደበው፤ የወደቀው ግን ዳኛው ነው።

አርቴስት 86 ጨዋታ ታገደ። የቀረው የዓመቱ ውድድር እንዳለ አለፈው፤ ደሞዙም አብሮ ሄደ። የቡድን ጓደኛው ስቴፈን ጃክሰን ሊያግዘው ተከትሎት ገብቶ 30 ጨዋታ ታገደ። ሬጂ ሚለር የተባለው አንጋፋ ዕድሜውን ሙሉ ለኢንዲያና ነው የተጫወተው፤ ያ የመጨረሻ ዓመቱ ነበር፤ አንድም ዋንጫ ሳይበላ ጫማውን ሰቀለ። የአንድ ሰው ንዴት ዋጋውን ያስከፈለው በጣም የሚወዱትን ሰዎች ነው። አንቺና ባልሽ ዛሬ ያላችሁት እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ነገሩ ቤቱ ገባ። በቤት ውስጥ ጥቃት ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሊጉም 7 ጨዋታ አገደው። በሩን አስቀድሜ ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ዋንጫው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በዚያን ጊዜ ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ይጫወት ነበር። በ7ኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ቦስተን ሴልቲክስን 83 ለ 79 አሸነፉ። አርቴስት 20 ነጥብ አገባ፤ መጨረሻ ደቂቃ ላይ ያገባት ሦስት ነጥብም ወሳኝ ነበረች። ጋዜጠኛዋ ማይክ ስትሰጠው ካመሰገናቸው ሰዎች አንዷ የምታክመው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነበረች። ዘና እንድል ረድታኛለች አለ፤ ሚሊዮኖች እያዩት። ከዚያ የሻምፒዮንነት ቀለበቱን ለዕጣ አወጣውና ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ገንዘቡም ለአእምሮ ጤና ሥራ ዋለ። ወንድምሽ «ዋንጫ በልቷል» ሲል ይህንን ዘሎታል። እገዳው ብቻውን አርቴስትን አላዳነውም። ቁጭ ብሎ ከባለሙያ ጋር ተነጋግሯል።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንቺ ልጨምርልሽ። እ.ኤ.አ. በ2012፣ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቹን ጄምስ ሃርደንን በክርኑ ጭንቅላቱን መትቶ እንደገና 7 ጨዋታ ታገደ። ሰው መታከም ከጀመረ በኋላም ይሳሳታል። ወንድምሽ ጥሩ እየሆነ ሄዶ አንድ ቀን ቢጮህ «ይኸው፣ አልተለወጠም» አትበሉት። ዛሬ ካለበት ሁኔታ ጋር ነው የምታወዳድሩት፤ ከመላእክት ጋር አይደለም።

«እኔ አላበድኩም፤ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ሌላውን የአሜሪካ ተጫዋች ኬቪን ላቭን አንሺለት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በጨዋታ መሐል ልቡ በኃይል እየመታ ትንፋሽ አጥሮት ሜዳውን ጥሎ ወጥቷል፤ ከአራት ወር በኋላ ራሱ ጽፎ ለዓለም ነገረ። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ዴማር ዴሮዛን ድብርት እንዳለበት በአደባባይ ተናግሯል። ሁለቱም በዓለም ትልቁ ሊግ ውስጥ ኮከብ የሆኑ ሰዎች ናቸው።

ወደ ጫቱ ልምጣ። ጅማ ላለ ሰው ስለ ጫት መስበክ አልፈልግም፤ ቅሞ ሥራውን የሚሠራ፣ ቤቱን የሚያስተዳድር ብዙ ሰው አለ። የዚህ ልጅ ነገር ግን ሌላ ነው። ከሰዓት ይቅማል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሊነጋ ሲል ይተኛል፤ በዱካክ ይሰቃያል። እኩለ ቀን ላይ ሲነሳ ሀራራ ይዞታል፤ ፊቱ ተኮሳትሯል፤ ሰው ቃል እንዲናገረው አይፈልግም። ባለቤትሽ «ሥራ ፈልግ» ያለው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? በዚያ ሰዓት ከሆነ ምክሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ጆሮ አያገኝም። ከበድ ያለ ወሬ ሲኖራችሁ ተኝቶ ተነስቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ወደ ጓደኞቹ ከመውጣቱ በፊት ያለችውን ሰዓት ተጠቀሙ። በምርቃና ላይ እያለ የሚገባላችሁን ቃል ደግሞ አትመኑ፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ማታ ማታ ጨብሲ ብሎ መጠጥ ከጨመረበት አደጋው ይከፋል፤ ይህንን አጣሪ።

በአንድ ቀን ተው ብትይው አይሆንም። መጀመሪያ ጠዋቱን አስመልሺለት። የታገደው ከውድድር ነው እንጂ ከሩጫ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ የሚሮጥ ልጅ ማታ መተኛት ግድ ይሆንበታል። ብቻውን ከከበደው የድሮ አሠልጣኙ ወይም አንድ የቡድን ጓደኛው በሩን ያንኳኳለት። የታገደ ተጫዋች ላይ ሁሉም ሰው እንደሚርቅ አትርሺ፤ የሚቀሩት የሚቅሙት ጓደኞቹ ብቻ ናቸው፤ እሱም የሚሄደው ወደሚቀበሉት ነው።

ባለቤትሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። «ወይ እሱ ወይ እኔ» የሚለው ልጁ ያለችበት ቤት በር ሲሰበር አይቶ የፈራ አባት ነው። ስለዚህ ምርጫውን ትተሽ ፍርሃቱን መልሺለት። «ልክ ነህ፤ ይህ ቤት ሰላም መሆን አለበት። ምን ቢሆን ነው አንተ የምትረጋጋው?» በይው። ምናልባት መልሱ ከምትፈሪው ያነሰ ነው። ከዚያ ሦስት ወር ተቀጣጠሩ። በሦስቱ ወር ወንድምሽ የበሩን ዋጋ ራሱ ሠርቶ ይከፍላል፤ ቤት ውስጥ አይቃምም፤ ሕክምና ይጀምራል። ባልሽ በበኩሉ ልጁን ሰው ፊት አይገሥጽም። ሦስት ወር ሞልቶ ምንም ካልተለወጠ ሌላ ማደሪያ ይፈለግለታል፤ ይህ መባረር አይደለም፤ የ20 ዓመት ልጅ ቤት ተከራይቶ መኖሩ ነውር የለውም፤ አንቺም እየሄድሽ ትጠይቂዋለሽ። ይህንን አሁኑኑ ለሦስታችሁም ግልጽ አድርጉት። ደግሞ አንድ ምሽት እንኳ ከባልሽ ጋር ስለ ወንድምሽ ሳታነሱ ተቀመጡ። ትዳርሽ በራሱ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

አጎትሽን አታስቀይሚው። ቡና መልቀም ክቡር ሥራ ነው፤ ወንድምሽ ራሱ ወዶ፣ ለለቀማው ጊዜ ብቻ፣ እየተከፈለው ቢሄድ አልቃወምም። «ስማችንን አጠፋህ» ተብሎ እንደ ግዞተኛ መሄድ ግን አያድነውም፤ አጋሮም ጫት አለ። አጎትሽ ከዚያ የተሻለ ሊረዳችሁ የሚችልበት ነገር አለ። ሌላ አንድ ሽማግሌ ይጨምርና ወንድምሽን ይዞ ዳኛው ቤት ይሂድ። ስልክ የሚቀርጽ ሰው አይኑር። ወንድምሽ «ተሰድቤ ነው እኮ» የምትለውን አረፍተ ነገር እዚያ ቤት ውስጥ እንዳያወጣት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እገዳው እንዲቀነስለትም አይጠይቅ። ጥፋቱን ብቻ ተናግሮ ይቅርታ ጠይቆ ይውጣ። ዳኛው ይቅር ላይለው ይችላል፤ መብቱ ነው። ልጁ ግን ከዚያ ቤት ሲወጣ ቲክቶክ ላይ ካለው ሰውዬ ሌላ ሰው መሆኑን ራሱ ያያል።

ሕክምናውን በተመለከተ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሐዘኑንም፣ ንዴቱንም፣ ጫቱንም እዚያው አንድ ላይ ማየት ይችላሉ። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ፣ ዕቃዎቹን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ወይም ሰው ያልሰማውን ድምፅ ሰማሁ፣ እየተከታተሉኝ ነው ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ውሰጂው።

አልሄድም ካለሽ ደግሞ አትለምኚው፤ መጀመሪያ አንቺ ሂጂ። አንቺም እናትሽን ቀብረሻል። ከቀብሩ በኋላ ልጅ፣ ባልና ወንድም ተሸክመሽ ነው የከረምሽው፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ስለ ራስሽ ሐዘን አንድ ቃል የለም። «ስለ እማዬ ላወራ ነው የምሄደው፤ ከፈለግክ አብረኸኝ ና» በይው። ከመጣ ሁለታችሁም ትገባላችሁ። ካልመጣ ሰዓቱን ሙሉ አንቺ ተጠቀሚበት፤ ማታ ስትመለሺ ምን እንዳወራሽ ሳይጠይቅሽ አይቀርም።